ያገለገለ ኤስዩቪ ከመግዛትዎ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ እዚሁ ያሉት ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። ራቭፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን፣ ፕራዶ፣ ኤክስትሬል... ሁሉም ገዢ አላቸው። ዕድሜያቸው ሲጨምር ዋጋቸው እንደ ድሮው አልወረደም። ስለዚህ አንድ ስህተት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ከዚህ በታች ያሉት መኪና ሊገዙ የተነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ናቸው።

መጀመሪያ ምን ልይ? ሞተሩን ወይስ ቦዲውን?

ሁለቱንም ተዉአቸው። መጀመሪያ ሊብሬውን ይዩ። ብዙ ሰው መኪናው ፏ ብሎ ሲያየው ልቡ ይሸፍትና ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያስታውሳል። ያኔ ቀብድ ተከፍሏል፣ ለቤተሰብም ተነግሯል። ወደኋላ ማለት ከባድ ነው። የወረቀት ችግር ያለበትን መኪና ደግሞ የትኛውም ጋራዥ አይጠግነውም።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ነው? የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩስ መኪናው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ፎቶ አይበቃም። ጎንበስ ብለው በዓይንዎ ያንብቡት። የሻንሲ ቁጥር እንደ መኪናው ዓይነት ኮፈኑ ሥር ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከፊት መቀመጫ ሥር ወይም በፕራዶና በመሰሎቹ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ባለው ሻንሲ ላይ ይገኛል። ፊደሎቹ ወጣ ገባ ካሉ፣ ዙሪያው የተሞረደ ወይም የተበየደ ከመሰለ፣ አመስግነው ይሂዱ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱ ቁጥር በሕጋዊ መንገድ ተመዝግቦ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። «ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚለውን አይስሙ።

ቀጥሎ የመኪናው ፋይል ወዳለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከባለቤቱ ጋር በአካል ይሂዱ። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ዕገዳ ወይም ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሻጩ «ለምን አስፈለገ? አታምነኝም?» ካለ፣ ነገሩን ራሱ ነግሮዎታል። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንም በዚያው ይዩ። ቦሎው ጊዜው ካለፈ ለምን እንዳልታደሰ ይጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ ስንፍና ነው። አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ምርመራውን አያልፍም።

«ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው» ተብሎ በጣም ርካሽ ቀረበልኝ። ልግዛው?

ቀረጡ ሳይከፈል፣ አይግዙት። ለኤምባሲ፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለኢንቨስትመንት ወይም በሌላ ልዩ መብት ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና፣ ያ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ለጉምሩክ የሚገባው ከተከፈለ በኋላ ነው። ያ ክፍያ ደግሞ ቀላል አይደለም። ርካሽ የመሰለዎት ዋጋ ቀረጡ ሲደመርበት ከገበያው በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከፍሎ፣ ክሊራንሱን ይዞ ሲመጣ ያኔ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ነው። የሚሸጥልኝ ወኪሉ ነው። ችግር አለው?

በራሱ ችግር የለውም። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ሰው በወንድሙ በኩል መኪና መሸጡ የተለመደ ነው። ውክልናውን ግን ቃል በቃል ያንብቡ። «መሸጥ» የሚል ግልጽ ሥልጣን አለው? ለመንዳት፣ ለማስመርመርና ኢንሹራንስ ለመግባት ብቻ የተሰጠ ውክልና ለሽያጭ አይሆንም። ውክልናው አለመሻሩንም ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያረጋግጡ። ወካዩ ካገባ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይጠየቃል። ካላገባ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይሄን ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት ሰልፍ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው። አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሌላ ዓይነት ውክልናም አለ። የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ በኋላ ታዞረዋለህ» የሚባለው። ገንዘቡን ከፍለዋል፣ መኪናውን እየነዱ ነው፣ በሕግ ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሰውየው ቢሞት ውክልናው ይፈርሳል፣ ከወራሾች ጋር ይፋጠጣሉ። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው መኪናውን ሊያሳግድ ይችላል። የሚቆጥቡት ገንዘብ ይሄን ጭንቀት አያክልም።

ሊብሬው «2015» ይላል። በእርግጥ የ2015 ነው?

መጀመሪያ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። የመኪና ሞዴል የሚጠራው በፈረንጆች ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የተመዘገበበት ዓመትና የተሠራበት ዓመት ይምታታሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ግብሩን በጣም ካከበደ ወዲህ፣ ዓመቱ ራሱ ገንዘብ ሆኗል።

ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን (ዓለም አቀፍ የሻንሲ ቁጥር) ያለው መኪና ከሆነ ብዙ አምራቾች በ10ኛው ቦታ ላይ የሞዴሉን ዓመት ያስቀምጣሉ። ኤ 2010 ነው፣ ቢ 2011፣ እንዲህ እያለ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017 ይሆናል። «አይ» የሚባለው ፊደል ስለሚዘለል 2018 ጄ ነው። ይህ አሠራር በተለይ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አስተማማኝ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው፤ ይሄ ዘዴ አይሠራም። ያኔ የመቀመጫ ቀበቶው ላይና መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያሉትን የምርት ምልክቶች ይዩ። ሁሉም አንድ አካባቢ ያለ ዓመት ከጠቆሙ ጥሩ ነው። አንዱ መስታወት ብቻ ከተለየ ተሰብሮ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ለምን እንደተሰበረ ይጠይቁ።

ኪሎ ሜትሩን ልመን?

በደፈናው አይመኑ። የዲጂታል ኪሎ ሜትር ቆጣሪን ማውረድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መኪናው ግን በሌላ ቦታ ይናገራል። 70,000 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና የፍሬን ፔዳል ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ መሪው ከለሰለሰና ካብረቀረቀ፣ የሾፌሩ መቀመጫ በበሩ በኩል ከሰመጠ፣ ቁጥሩ ውሸት ነው። በተቃራኒው ፔዳሉና የመሪው ሽፋን አዲስ ሆነው ሌላው ያረጀ ከሆነም ይጠርጥሩ። ኮፈኑ ሥር ወይም በሩ ጥግ ላይ የተለጠፈች የዘይት ቅያሪ ወረቀት ትገኛለች፤ ሻጮች እሷን መንቀል ይረሳሉ። ጥሩ ስካነር ያለው ጋራዥ ደግሞ በአንዳንድ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ውጭ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ኪሎ ሜትር ያገኛል።

እኔ ብሆን በደንብ የተያዘና 200,000 የነዳ ፕራዶ፣ «60,000» ከሚል ነገር ግን ምንም መዝገብ ከሌለው እመርጣለሁ።

ሞተሩን ያለ መካኒክ እንዴት ልፈትሽ?

ጠዋት ይሂዱ፣ ሳይነሣ። አስቀድመው ለሻጩ «እኔ እስክመጣ እንዳታስነሣው» ይበሉ። ሲደርሱ ኮፈኑን ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት አንድ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ቀን በድንገት ይመለሱ።

ሳይነሣ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ ጥቁር መሆኑ ችግር የለውም። ወተት የመሰለ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ እንደ ማዮኔዝ ያለ ነገር ካለ፣ ውሃ ከዘይት ጋር እየተገናኘ ሊሆን ይችላል። የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ይሆናል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ይክፈቱ፤ ሞቆ ከከፈቱት ያቃጥልዎታል። ውስጡ ቀለም ያለው ኩላንት ካለ ደስ ይላል። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ካዩ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል።

አሁን ይነሣ። እርስዎ ከኋላ፣ ከማርሚታው አጠገብ ይቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ነጭ ጭስ በብርዳማ ጠዋት ለትንሽ ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ራዲያተር ውሃው እየነደደ ነው። የሞተር መብራት ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። የኤርባጉም እንዲሁ። ጨርሶ የማይበራ መብራት ከሚበራው ይብሳል፤ ሰው አውቆ አጥፍቶታል ማለት ነው። ኤርባጉ ፈንድቶ ባዶ ክዳን ብቻ የተገጠመበት መኪና ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ዳገት ይውጡ። አዲስ አበባ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ስለዚህ 1.6 ሊትር ሞተር ከባድ ቦዲ ሲጎትት ትንሽ ቢያለከልክ አይደንግጡ። የሙቀት ጌጁ ከመሃል ተነሥቶ መውጣት ከጀመረ ግን ይደንግጡ። በአዲስ አበባ ብርድ እንጦጦ ላይ የሚሞቅ መኪና፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ደጀንን ሲወጣ የት እንደሚቆም መገመት አያቅትም። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ይሞክሩ። መሪው ይንቀጠቀጣል? ወደ አንድ ጎን ይጎትታል?

ሻጩ «ፎር ዊል ነው» ይላል። እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከኋላ ሆነው ወደ ሥር ይመልከቱ። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ዲፈረንሻል ከሌለና ከፊት የሚመጣ ሻፍት ካላዩ፣ መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚጎተት ነው። ራቭፎርም፣ ቱሳንም፣ ኤክስትሬልም በሁለቱም ዓይነት ተሠርተዋል፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለከተማ ብቻ ከሆነ ባለ ሁለቱ ይበቃዎታል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ነገር ግን የባለ አራቱን ዋጋ አይክፈሉበት።

ፕራዶ፣ ፓትሮል ወይም የድሮ ቪታራ ከሆነ የፎር ዊሉን ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡት። ፒስታ ላይ ወይም ጠጠር ላይ ይሞክሩት፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ባለ አራቱን አስገብቶ መጠምዘዝ የማይወዱ መኪኖች አሉ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ካልገባ፣ ወይም ገብቶ ካልወጣ፣ ጥገናው ውድ ነው። መሪውን እስከ ጥጉ አዙረው በዝግታ ክብ ይሥሩ። ከፊት ጎማ በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰሙ ሲቪ ጆይንቱ (ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) አልቋል።

ጎማዎቹንም ይዩ። በጎናቸው ላይ አራት አሃዝ ያለበት ትንሽ ሣጥን አለ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አራቱም ጎማ ከተለያየ ድርጅትና በተለያየ ደረጃ ያለቀ ከሆነ፣ ሁልጊዜ በአራቱም ለሚነዳ መኪና ሥርዓቱን ይጎዳል። ስኮርታውንም አይርሱ።

የትኛው ሞዴል ምን ችግር አለበት?

በጅምላ «ቶዮታ ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ» አይባልም። የሚጠየቀው ሞተሩና ካምቢዮው የትኛው ነው የሚለው ነው።

በፈረንጆች ከ2006 እስከ 2008 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ራቭፎር ዘይት በመብላት ይታወቃል። የዘይት ዘንጉን ከሙከራ በፊትም በኋላም ይዩ፤ ባለቤቱ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የዘይት ጀሪካን ይዞ የሚዞር ከሆነም መልሱ እሱ ነው። 120 ከሚባለው ትውልድ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ፕራዶ ላይ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩት) ናቸው ደካማው ጎን፤ በብርድ ሲነሣ እንደ መዶሻ ካንኳኳ ቀላል ወጪ አይደለም። ኤክስትሬል ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮ ካለው ዳገት ላይ ያስጨንቁት። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ቢንዘረዘር ወይም ቢያጉረመርም ይተዉት። ሀዩንዳይና ኪያ ላይ ደግሞ «ቴታ 2» የሚባለው የቤንዚን ሞተር በአሜሪካ ከ2015 ጀምሮ ለጥገና በብዛት ተጠርቷል። ከሥር የሚመጣ ማንኳኳት ምልክቱ ነው። ሁሉም ቱሳንና ስፖርቴጅ ይህ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ የሞተሩን ዓይነት ይጠይቁ።

ከአውሮፓ የመጡ ዘመናዊ ባለ ናፍጣ መኪኖች ጭስ ማጣሪያ አላቸው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሰው እጅ ላይ ይደፈናል። አንዳንዱ ደግሞ አውጥቶ ጥሎታል።

አንድ የማይረሳ ነገር፦ ከመግዛትዎ በፊት ሶማሌ ተራ ወይም የሚያውቁት የመለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብለው የፊት መብራት፣ የፓራውልትና የሾክ አብዞርበር ዋጋ ይጠይቁ። ዕቃው እዚህ ከሌለና «ከዱባይ ይመጣል» ከተባለ፣ መኪናዎ ለወራት ጋራዥ እንደሚያድር ይቁጠሩት።

አደጋ የደረሰበት መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ዝናብ ላይና ማታ አይግዙ። በጠራ ፀሐይ፣ ከጎን ሆነው ቀለሙን ይዩ። የበሩና የኮፈኑ ክፍተት ከሁለቱም ጎን እኩል ነው? ስስ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ላሜራው ላይ ያስጠጉ፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ አይይዝም። የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ብሎኖች ይዩ። ቀለማቸው ከተፋቀ ተፈትተዋል። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር ስኮርታው የሚቀመጥበትን አንሥተው የተጣጠፈ ብረት ወይም አዲስ ብየዳ ይፈልጉ።

ከየት እንደመጣም ይጠይቁ። ከአውሮፓ የመጣ መኪና መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ስላየ ሥሩ ይዝጋል። ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ላስቲኩና ክሩስኮቱ በፀሐይ ይደርቃል፣ ሥሩ ግን ንጹሕ ነው። የፍጥነት ጌጁ በማይል ከሆነ ምናልባት ከአሜሪካ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአደጋ ወይም በጎርፍ «አለቀ» ተብሎ በጨረታ የተሸጠ፣ ሻርጃ ላይ ተጠግኖ አምሮ የሚመጣ መኪና ጥቂት አይደለም። እዚያ ዘመድ ካለዎት ቪኑን ልከው ታሪኩን ካርፋክስ በሚባለው የመኪና ታሪክ ማሳያ ድረ ገጽ ያሳዩ። ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የጎርፍ መኪና ሽቶ ተረጭቶ ይቀርባል፤ የመቀመጫው ብሎኖች ዝገት ግን በሽቶ አይጠፋም።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ኤስዩቪስ?

ዋናው ባትሪው ነው። የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያነብ ስካነር ያለው ባለሙያ ይፈልጉ። 100 በመቶ ሞልተው ቢያንስ ግማሹን እስኪጨርስ ይንዱት፣ የሄዱትንም ይቁጠሩ። ሥሩን ይዩ፤ ባትሪው ወለሉ ላይ ስለሆነ ድንጋይ የመታው ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። የመሙያ ሶኬቱ የቻይና ዓይነት ነው፣ ስክሪኑም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ ዋስትና እዚህ ይሠራል ብለው አይቁጠሩ፤ ሻጩ ይሠራል ካለ በጽሑፍ ይስጥዎ።

ደላላው «የራሴ መካኒክ አለ» አለኝ።

«አመሰግናለሁ» ብለው የእርስዎን ይዘው ይሂዱ። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፣ መካኒኩም ከደላላው ጋር ነገ ይሠራል። የእርስዎ ሰው መኪናውን ማንሻ ላይ አውጥቶ ሥሩን የሚያይበት ጋራዥ ይኑረው። ሻጩ ማንሻ ላይ አይወጣም ካለ፣ ጊዜዎን አያባክኑ።

ቀብድ ልስጥ?

ወረቀቱ ከጠራና መኪናው ከተፈተሸ በኋላ፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ውሉ ላይ «ዕዳና ዕገዳ ቢገኝበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ይግባ። ቀሪውን በባንክ ወይም በሲፒኦ፣ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ላይ ሲፈረም ይክፈሉ። የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍልም አስቀድመው ይስማሙ፤ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ገዛሁት። አሁንስ?

የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ኩላንትና ማጣሪያዎችን ሻጩ «ትናንት ነው የቀየርኩት» ቢልም ይቀይሩ። ታይሚንግ ቤልት ያለው ሞተር ከሆነና መዝገብ ከሌለ እሱንም ይቀይሩ፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ታካታ በሚባሉት ኤርባጎች የተነሣ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋልና፣ የእርስዎም እንዳለበት ለማየት ቪንዎን በአምራቹ ድረ ገጽ ያስገቡ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሳይቀበሉ አይለያዩ። «ጠፍቷል» ካሉ አዲስ ቁልፍ ያስቀዱ፣ የድሮውም ከመኪናው ኮምፒውተር ይሰረዝ።